ሁሉም ገባ?

መስከረም 19

ሾርባ፣ እንደምን ከርመሃል? እስከ ክርንህ ደረሰ የተባለው ቃጠሎስ ዳነልህ?

መጀመሪያ ለጥያቄህ። አዎ፣ እውነት ነው። ይሄዳል። እኛም የጋዜጣ ወሬ መስሎን ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ግን ተዋናዩ ራሱ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ተናገረ። «ከዚህ ዙር በኋላ አዛዡን ሆኜ አልሠራም» አለ። ያቺን ግራጫ ሻርፕ እንኳ አላደረገም። እንደ ማንኛውም ጡረተኛ ክርኑ ላይ የሳሳ ሹራብ ለብሶ ነበር። መርከባችሁ ላይ እስካሁን ሰምተህ ይሆናል፤ ቢሆንም መርዶ ከቤተሰብ ሲመጣ ይሻላል ብዬ ነው።

አሥራ አራት ዓመት። ተከታታይ ድራማችን «መንኩራኩሯ» ስትጀምር አንተ ሱሪህ የሚወርድብህ ልጅ ነበርክ። አሁን እኔ ሸብቻለሁ፤ እሷ ግን ሰው የሚኖርበት ዓለም ፍለጋ እስካሁን ትበራለች። አዛዡን ለምን እንደምወደው ራሴን ጠየቅሁ። ጀግና ስለሆነ አይመስለኝም። ሰው ጥሎ ስለማይነሣ ነው። አንዴ ብቻ፣ የመንኩራኩሯን መካኒክ ረስቶ ተነሥቶ ነበር፤ ለእሷም ቢሆን ተመለሰላት።

ፀጉር አስተካካዩ ቤት የሆነውን ልንገርህ። እንደ ሁልጊዜው ሐሙስ አመሻሽ ላይ ተከታታዩን ልናይ ተሰብስበናል (ያንተ በርጩማ አሁን የልብስ ሰፊዋ ሆኗል፤ አትቀየም)። ዜናው ሲነገር ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ወንበሩ ላይ ግማሽ ራሱን የተላጨ ደንበኛ ነበረው። «ዛሬ አልሠራም» አለው። ሰውዬው «እንዲህ ሆኜ ልውጣ?» ቢለው፣ «አንተ እኮ ግማሹ ቀርቶልሃል። እኛ ነን ሙሉ በሙሉ የተላጨነው» አለው። መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። በኋላ ሁሉም ሳቀ።

አባባ አልሳቀም። ኋላ ግድግዳው ሥር ከተቀመጠበት ተነሥቶ «ፊርማ እናሰባስባለን» አለ። እያሰባሰበም ነው። አስበው እንግዲህ። የሠራተኛ ማኅበሩ አቤቱታ ፈርም ሲለው «እስቲ ነገ» እያለ ዓመት የሚያሳልፍ ሰው፣ ከሥራ ሲወጣ ወረቀቱን ይዞ በየሱቁ ይዞራል። «አዛዡ ይቆይልን» የሚል። ከላይ በትልልቁ የጻፈው ራሱ ነው። አንተም ፊርማህን ላክ።

በሚነዳው አውቶቡስ ላይም ያቺ የአዛዡ ነገር አልቀረችም። በየፌርማታው፣ በሩን ከመዝጋቱ በፊት፣ ልክ እንደ አዛዡ «ሁሉም ገባ?» ይላል። ተሳፋሪው በአንድ ድምፅ «ገባ» ይላል። እንግዳ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ እሱም ይመልሳል። «ምክትል» የሚሉት ለዚህ ነው፤ የአዛዡ ምክትል። የመጣውን አውቶቡስ አሳልፈው የእሱን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። የጀመረው ረዳቱ ተነሥቶ የካርድ ማሽኑ የገባ ጊዜ ነው። አንተ በሄድክበት ሰሞን።

ስለ አባባ አንድም ነገር አልጠየቅኸኝም። ሁልጊዜ አትጠይቅም። ይህን እንደ ጥያቄ ቁጠረው።

አባባ ሰላም ብሎሃል። (አላለም። ግን ስጽፍ አይቶኝ በሩ ላይ ቆም ብሎ ነበር። ያ ሰላምታ ነው።)

እህትህ


ጥቅምት 11

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

እጄ ድኗል። ቃጠሎው የአንድ ጣት ያህል ነበር፤ ባንቺ ደብዳቤ ውስጥ ግን እስከ ክርኔ ደርሷል። ደግሞም የመርከብ ወጥ ቤት ስትናወጥ የፈላው ነገር ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያወቀ ምግብ አብሳይ የለም። ሾርባ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ስም ሰውን ይከተላል።

ዜናውን ለመርከቡ ሰው የነገርኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤሽን ወደብ ላይ ከመርከቡ ወኪል ቢሮ ተቀብዬ፣ ምሳ ከማውጣቴ በፊት ጭልፋዬን ይዤ ተናገርኩ። ሞተረኛው ማንኪያውን አስቀመጠ። ይህ ሰው አንድ ጊዜ ሞተር ክፍል ውሃ ሲገባ እንኳ ዳቦውን ጨርሶ ነው የተነሣው። እዚህ ሁላችንም ቋንቋችን ይለያያል። ተከታታዩን ግን ሁላችንም አይተናል፤ የተቀዳበት ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ላዩ ላይ የነበረው ጽሑፍ ጠፍቶበታል። ስለ እሱ ስናወራ በምልክት ነው የምናወራው። አንዱ ልክ እንደ አዛዡ እጁን ወንበር መደገፊያ ላይ ያሳርፋል፤ ያኔ ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ እጅ መናገር የቻለ ሰው ነው የሚሄደው።

ፊርማህን ላክ ብለሻል። አልልክም። ሰውዬውን ስለማልወደው አይደለም። መሄድ የፈለገን ሰው በወረቀት ማስቀረት አልችልበትም። እኔም ሄጃለሁ። ማንም ፊርማ አላሰባሰበም።

ይህችን የመጨረሻ መስመር ልሰርዛት ነበር። ትቻታለሁ።

ስለ አባባ የማልጠይቀው አንቺ ሳልጠይቅሽ ስለምትነግሪኝ ነው። ይህን እንደ መልስ ቁጠሪው።

ወንድምሽ


ኅዳር 3

ሾርባ፣

ፖስት ካርድህ ደረሰችኝ። መርከቧ ታምራለች። ከጀርባዋ በአንድ መስመር ብቻ የጻፍከውን ጥያቄ ሳነብ ግን ሰላምታው የት ገባ ብዬ አገላበጥኳት።

አባባ ለምን ግድግዳው ሥር እንደሚቀመጥ። ከማሞቂያው ለመራቅ ነው ይላል። ማሞቂያው ከተበላሸ ቆየ። ይቅርታ፣ ይህን ያህል ነው የማውቀው። ድሮ አፍንጫውን ቴሌቪዥኑ ላይ ለጥፎ ያይ እንደነበር እኔም አስታውሳለሁ፤ እማማ በሕይወት ሳለች «ልትገባ ነው እንዴ?» ትለው ነበር። አሁን ከሩቅ ነው የሚያየው። ከሩቅ ሲሆን ሁሉም ነገር ባንድ ላይ ይታየኛል አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም፤ አልጠየቅሁትም።

ይልቅ የሚያስቅ ነገር ልንገርህ። ልብስ ሰፊዋ ሰኞ ዕለት በአባባ አውቶቡስ ስትሳፈር አባባ «ሁሉም ገባ?» አለ። ውስጥ ያሉት በለመደ አፋቸው «ገባ» አሉ። እሷ ገና አንድ እግሯ ደረጃው ላይ ነበር። በሩ ቦርሳዋን ይዞ ተዘጋ። አውቶቡሱ ተነሣ። ቦርሳዋን ላለመልቀቅ ከጎኑ ትንሽ ሮጠች፤ ከዚያ አንዱ «ሰው አለ! ሰው አለ!» ብሎ መስኮቱን ደበደበ። ቆመ። ምንም አልሆነችም። ሐሙስ ዕለት ቆማ እየተወነች ነው የነገረችን፤ «አዛዡ እንኳ መካኒኳን ጥሎ ሄዷል፤ እኔ ማን ነኝና!» እያለች። ፀጉር አስተካካዩ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። አባባም ሳቀ።

ሌላ ምን አለ። የመኪና ማቆሚያው አጥር ተቀባ። ጎረቤታችን ውሻ ገዝቷል። ሰላም ሁን።

እህትህ


ኅዳር 6

ሾርባ፣ ያለፈው ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት ይህ ቢደርስህ እመርጣለሁ። አይሆንም፤ አንድ ከረጢት ውስጥ ነው የሚጓዙት።

የሚያስቅ አልነበረም። አባባ ሲስቅ አየሁት አላልኩህም? ፊቱ ስቋል። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ነበሩ፤ መሪ እንደያዙ ሁሉ ተጨብጠዋል።

በነጋታው ሻዩን ሁልጊዜ ከማስቀምጥበት ትንሽ ወደ ቀኝ አስቀመጥኩለት። «ሻዬስ?» አለኝ። ብርጭቆው ክርኑ አጠገብ ነበር፤ ይተናል። ከዚያ ሄጄ በቀኙ ቆምኩ፤ ዝም ብዬ። ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ሬዲዮ እየሰማ አንገቱን ከሬዲዮው ጋር ያወዛውዛል። ለእሱ እኔ እዚያ አልነበርኩም።

የአውቶቡስ ዴፖአችንን ነርስ ስለ አንድ ሰው እንደምጠይቅ አድርጌ ጠየቅኋት። ግላኮማ ሊሆን ይችላል አለችኝ። ቱቦ ውስጥ እንደማየት ነው፤ ፊት ለፊት ጥርት ብሎ ይታያል፣ ጎንና ጎኑ ቀስ እያለ ይጠፋል፤ ሰውዬው ራሱ የሚያውቀው ከረፈደ ነው። ስለዚህም አባባ በየዓመቱ የሹፌሮች የዓይን ምርመራ ላይ ሰሌዳውን እስከ መጨረሻዋ መስመር አንብቦ ይወጣል። ሰሌዳው ፊት ለፊት ነዋ።

እና ገባኝ። ረዳቱ ሲነሣ በሩን የሚያይለት ዓይን ተነሣ። በሩን የሚያሳየው መስታወት፣ ስፖኪዮው፣ ቀኝ ጎኑ ላይ ነው። አይታየውም። ስለዚህ ይጠይቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጨዋታ ነው ብለን ስንመልስለት የኖርነው ነገር ጨዋታ አይደለም። ሰውዬው በእውነት እየጠየቀ ነው። ሁሉም ገባ? አያውቅም። እኛ ደግሞ ስለምንወደው ሳናይ «ገባ» እንላለን።

ስምሪት የማወጣው እኔ መሆኔን ታውቃለህ። ነገ ማን የትኛውን አውቶቡስ እንደሚነዳ የምጽፈው እኔ ነኝ። ስሙን መዝለል ብቻ ነው። እርሳሱን አነሣለሁ፤ አስቀምጣለሁ። ሠላሳ ዓመት የነዳን ሰው ልጁ በእርሳስ ታውርደው? ካላወረድኩትስ፣ ነገ ቦርሳ ሳይሆን ሰው ቢሆንስ በሩ የሚይዘው?

ማታ ፊርማውን ይዞ መጣ። «አንቺ እስካሁን አልፈረምሽም» አለኝ። ፈረምኩ።

ምን ላድርግ? አንተ ሩቅ ነህ፤ ከሩቅ ሲሆን ሁሉም ነገር ባንድ ላይ ይታያል ይባላል።


ኅዳር 29

እትዬ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ባንድ ቀን ደረሱኝ። ሁለተኛውን ነው መጀመሪያ የከፈትኩት። ከዚያ የመጀመሪያውን፣ የሚያስቀውን፣ አነበብኩት። ከዚያ ድንች ልላጥ ሄድኩ። ለሁለት መርከብ የሚበቃ ድንች ላጥኩ።

በሄድኩ ጊዜ ለምን በአባባ አውቶቡስ እስከ ወደቡ አልሄድክም ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ረፍዶብኝ ታክሲ ያዝኩ አልኩሽ። አልረፈደብኝም።

ከዚያ በፊት በነበረው ማታ ተጣልተናል። ይህን ታውቂያለሽ። «ባሕር ላይ ምን አለህ?» አለኝ፤ እኔም የማይባል ነገር አልኩት። ጠዋት ግን በእሱ አውቶቡስ ልሄድ ተነሣሁ። ከኋላው ወንበር ተቀምጬ ወደቡ ድረስ ከሄድኩ፣ ስወርድ አንድ ነገር እንባባላለን ብዬ ነበር። ፌርማታው ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ካፊያ ስለነበር ከጣሪያው ሥር፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ጎን ተጠግቼ ቆምኩ። ሲቀርብ ወጥቼ እጄን አነሣሁ።

አለፈኝ።

ፊቱን አይቼዋለሁ። በጣም ቅርብ ነበር። ቀጥ ብሎ ፊት ለፊቱን እያየ ነበር፤ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ። ያንን ፊት ይዤ ነው ባሕር የገባሁት። ውሌን ሁለት ጊዜ ያራዘምኩት በዚያ ፊት ምክንያት ነው። ለእሱ የማልጽፈውም፣ ስለ እሱ የማልጠይቅሽም ለዚሁ ነው።

አሁን አንቺ ስለ ሻይ ብርጭቆ ትጽፊልኛለሽ።

ማስታወቂያ ሰሌዳው በስተቀኝ ነበር፣ እትዬ።

ምን ላድርግ ብለሽ ጠይቀሻል። አውርጂው። ነገ ሳይሆን ዛሬ። የሚቀየመውን ይቀየም፤ ቂም ይኖራል፣ ሰው አይሞትበትም። እኔ በቂም ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ክብደቴ እንኳ አልቀነሰም። የእኔን ነገር ብትነግሪውም ባትነግሪውም ላንቺ ትቼዋለሁ። እኔ ብሆን አፌ አይታዘዝልኝም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 20

ሾርባ፣

አዎ፣ አወረድኩት። ማለት፣ አላወረድኩትም። ልንገርህ።

ደብዳቤህን ያነበብኩ ዕለት ስሙን በስምሪቱ ላይ «ተጠባባቂ» ከሚሉት ጋር ጻፍኩ። ጠዋት መስኮቴ ላይ መጣ። «ምነው?» አለኝ። «አውቶቡስህ ጋራዥ ገብታለች፤ የፍሬን ሸራዋ አልቋል» አልኩት። በማግስቱ ራዲያተሯ አፈሰሰ። ከዚያ ባትሪዋ ሞተ። ከዚያ ጎማ። የጋራዡን ሰዎች ደህናዋን አውቶቡሱን ደብቀው እንዲይዙልኝ ለመንኳቸው። እሱ ተጠባባቂዎች ክፍል ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል፤ ፊት ለፊቱ ዘርግቶ፣ ራሱን ከዳር እስከ ዳር እያዞረ። ዕለት ዕለት በሽታ እየፈጠርኩ አስታመምኳት።

በመሃል ተዋናዩ ረጅም ቃለ ምልልስ ሰጠ። አይተኸው ይሆን? ለምን እንደሚሄድ ጠየቁት። ዞር ዞር አላለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቃሉ እየጠፋበት፣ ጆሮው ውስጥ በተደበቀች ትንሽ ነገር አንድ ሰው ሲያንሾካሹክለት እንደነበር ተናገረ። የሥራ ጓደኞቹ ስለሚወዱት ለማንም አልተናገሩም። «እናንተ የምታደንቁት ዝምታዬ» አለ ፈገግ ብሎ፣ «ቃሉ እስኪደርሰኝ የምጠብቅበት ነበር።» ሾርባ፣ አዛዡ ከመናገሩ በፊት ያለውን ያንን ዝምታ ስንት ጊዜ አውርተንበታል። አሁን ከድሮው ይልቅ ወደድኩት።

ፀጉር አስተካካዩ ተቆጣ። «ታዲያ ምን አለበት? ዕድሜ ልኩን ቢያንሾካሹኩለትስ! እኔ ራሴ ሄጄ አንሾካሹክለታለሁ።»

አባባ ከግድግዳው ሥር «አንሾካሿኪው አንድ ቀን ጉንፋን ቢይዘውስ?» አለ።

የፊርማውን ወረቀት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም ፈርም ሲል አልሰማሁትም።

የአዛዡ የስንብት ክፍል በታየበት ሐሙስ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ሰው በር ላይ ተርፎ ነበር። ሁሉም ግራጫ ሻርፕ አድርጓል፤ ነርሷ ሳትቀር። ፀጉር አስተካካዩ «ይገድሉታል፤ እነዚህ ደራሲዎች ሳይገድሉ ማሰናበት አያውቁም» ብሎ ምሎ ነበር። አልገደሉትም። አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ወረደ፤ የታመመ ሰው ለማውረድ ነው ብለን ስንጠብቅ የሚወርደው እሱ ሆነ። ሻርፑን ወንበሩ ላይ ትቶት ነበር። ከውጭ፣ በሩ አጠገብ ቆሞ፣ «ሁሉም ገባ?» አለ።

እኛ ሁልጊዜ ቴሌቪዥኑን እንመልስለታለን፤ ታውቃለህ። ያን ዕለት አንድም ሰው አልመለሰም። መካኒኳ ብቻ ከውስጥ «አንድ ሰው ቀርቷል» አለች። እሱም እንደ ሁልጊዜው ዝም አለ። (ያንን ዝምታ። አሁን ምን እንደሆነ እያወቅን።) ከዚያ «አልቀረም፤ ደርሶ ነው» አላት። በሩ ተዘጋ። እጁን አላውለበለበም። መንኩራኩሯ እስክትርቅ ቀና ብሎ አየ። ልብስ ሰፊዋ «እያለቀሰ ነው» አለች። አባባ ቀስ ብሎ «አይደለም። የኋላ መብራቷ መብራቱን እያየ ነው» አለ።

ወደ ቤት በእግር ተመለስን። በግራው ነበርኩ፤ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብዬ መሄድ ጀመርኩ፣ እንዲያየኝ።

«አውቶቡሴ ነገ ደግሞ ምኗን ነው የሚያማት?» አለኝ።

ቦርሳዬን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛወርኩት።

«ፍሬኗን አልሽ፣ ራዲያተሯን አልሽ፣ ባትሪዋን አልሽ። እሷ እኮ ደህና ናት። የታመምኩት እኔ ነኝ። እሷን ለምን ታስታምሚያለሽ?»

«ታውቅ ነበር?»

«አንቺ ስትዋሺ አፍንጫሽን ታሻለሽ። አፍንጫሽ ደግሞ ፊት ለፊት ነው፤ እሱስ ይታየኛል።»

ከዚያ «ነገ ስሜን አትጻፊው። ተጠባባቂም አትበዪኝ» አለ። እርሳሱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ነካ አደረግኩት።

ያኔ ስለ ፌርማታው ነገርኩት። ስለ ካፊያው፣ ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳው። የሆነውን አልጽፍልህም። የእኔ አይደለም።

እህትህ


ጥር 8

እትዬ፣

አይተነዋል። ፍላሹን አንድ ወደብ ላይ ከሌላ መርከብ ሰው አገኘነው፤ እንደ ኮንትሮባንድ ከጫማው ውስጥ አውጥቶ ሰጠን። ምግብ ቤቱ ውስጥ መቀመጫ አልነበረም። ቋንቋው የማይገባቸው ከሚገባቸው ቀድመው አለቀሱ። «አልቀረም፤ ደርሶ ነው» ያለውን ሞተረኛው ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሶ አሰማን፤ ከዚያ በራሱ ቋንቋ እንዴት እንደሚባል ሊነግረን ሞክሮ አልቻለም። እጁን ወንበሩ ላይ አሳርፎ አነሣው። ገባን።

እኔ አባባ ያለውን ነገርኳቸው፤ የኋላ መብራቱን። መልሰን አየነው። እውነቱን ነው። ዓይኖቹ የሚያዩት ፊቷን አይደለም፤ የሚርቀውን ነገር ጭራ ነው። አሥራ አራት ዓመት ያየነው ሰዎች ይህን አላየንም፤ ጎኑ የጠፋበት አባቴ ከግድግዳ ሥር አየው። ይህን ስናገር ኮራሁ። ከኮራሁ ቆይቼ ነበር።

ላልጠየቅሽኝ ጥያቄ፦ አዎ። ውሌን አላራዝምም። የካቲት መጨረሻ ላይ እወርዳለሁ። ወደቡ ድረስ አትምጡ። ከወደቡ የሚነሣውን የአባባን መስመር ይዤ እመጣለሁ፤ ማንም ይንዳው።

አንድ ነገር ግን ንገሪኝ። ስትነግሪው ምን አለ? አትጽፊልኝም ብለሻል። ቢሆንም።

ወንድምሽ


ጥር 27

ሾርባ፣

ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረው ግን ይጠበቃል ብሏል። ጠዋትና ማታ ጠብታ አደርግለታለሁ። ራሱን ወደ ኋላ ሲጥል ኮርኒሱን እያየ «ይቺ ስንጥቅ አዲስ ናት» ይለኛል። አዲስ አይደለችም። ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ያለ አዛዡ መንኩራኩሯን አላይም ብሎ ማለ። አዲሱ ዙር ሲጀምር ሱቁን አስቀድሞ የዘጋው እሱ ነው። መካኒኳ ናት አሁን ወንበሩ ላይ ያለችው። «እጇን መደገፊያው ላይ ማሳረፍ አታውቅበትም» አለ። አባባ «የራሷን እጅ ታሳርፍ» አለው። የፊርማውን ነገር የሚያነሣ የለም።

አሁን አውቶቡሱን የምትነዳው አባባ ራሱ ያለማመዳት ሹፌር ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን የተሳፈርነው ቅዳሜ ነው። አባባ ከፊት ወንበር ተቀመጠ፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ነበር፤ መጨረሻ ላይ ኮፍያውን አስያዝኩት። ከልብስ ሰፊዋ ፌርማታ እሷና ሌሎች ሰዎች ገቡ። ከዚያ ሁላችንም ዝም ብለን ጠበቅን። አፋችን ተከፍቶ፣ «ገባ» ልንል። ልጅቷ ምንም አላለችም። አንገቷን ወደ ስፖኪዮው አዞረች፤ አየች፤ በሩን ዘጋች፤ ማርሽ አስገባች።

ልብስ ሰፊዋ ከፋት። «አትጠይቂንም እንዴ?» አለቻት።

«እያየኋችሁ እኮ ነው። ምን ብዬ ልጠይቅ?»

አባባ ሳቀ። እንዴት እንደሳቀ ብታየው። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ኮፍያውን አፉ ላይ አድርጎ። እኔ እጆቹን አየሁ። ተፈትተው ነበር። «ሰማሽ?» አለኝ፤ «እያየኋችሁ ነው አለች።» እስከ ወደቡ ድረስ ይህንኑ ለራሱ ደጋገመው፤ ሰው ስለ ልጁ ውጤት እንደሚናገር ሁሉ።

ስትነግሪው ምን አለ ብለሃል። ምንም አላለም። መንገዱ መሃል ቆመ። ቤት ስንገባ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ጽፎ ሳይጨርስ ስንት ሳምንት ቆየ። ትናንት ነው «ላኪለት» ብሎ የሰጠኝ። አብሬ ልኬልሃለሁ። ፊደሉ ትልልቅ የሆነው መስመሩ እንዳይጠፋበት ነው። ወረቀቱን ስታገላብጥ የፀጉር አስተካካዩንና የእኔን ፊርማ ታያለህ፤ ሰፊ ወረቀት ሌላ አልነበረንም።

እህትህ


ልጄ፣

እህትህ ነገረችኝ።

ፌርማታው ባዶ መስሎኝ ነበር። ጣሪያውን አየሁ፤ ከሥሩ ሰው አላየሁም። ከጠባችን በኋላም ትመጣለህ ብዬ ፍጥነት ቀንሼ ነበር የመጣሁት። ሳጣህ ወደቡ ድረስ እየነዳሁ «ሊሰናበተኝ እንኳ አልወጣም» ስል ነበር። ሁለት ዓመት እንዲሁ ስል ነበር።

ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ሁሉም ገባ ወይ ብዬ የጠየቅሁት የዚያን ቀን ነው፤ መጀመሪያ። የሚመልስልኝ አልነበረም።

ስትመጣ ከጎን አትምጣ። ፊት ለፊት ቁም።

አባትህ